ስድስት ጀለቢያ

ከሙሐረቅ ዶሃ ስንት ሰዓት ነው ብትሉኝ፣
ስድስት ጀለቢያ ነው። አትሳቁብኝ።
አንገቱን ቀድሜ፣ እጅጌውን አስከትዬ፣
ጨርሼ ስሰቅለው "ሰባት ደቂቃ" ብዬ፣
ስድስተኛው ሲሰቀል አርባ ሁለት ይሞላል፤
ያኔ አውሮፕላኑ ዶሃ ላይ ዝቅ ይላል።

ጣራው ላይ ናት ክፍሌ። መግሪብ ካለፈ በኋላ
መስኮቷ ሲንቀጠቀጥ፣ ብርጭቆው ሲያንቃጭል፣
ካውያዬን አቁሜ እወጣለሁ። ነጭ ሆዱን አሳይቶ፣
ጎማውን እየሸሸገ በአናቴ ላይ ሲሾልክ፣
"ተነሳ" እላታለሁ ሉባባን በስልክ።
እህቴም እዚያ ማዶ፣ አሮጊት እያገላበጠች፣
በጠባብ መስኮት አሻግራ ሰማዩን እየጠበቀች፣
ስድስተኛውን ሰቅዬ ሳልጨርስ ትልካለች፦
"ደረሰ።"
ያው ይሁን፣ ሌላ ይሁን፣ እኛ አንከራከርም፤
ደረሰ ካለች ደረሰ ነው፣ ጨዋታ አይመረመርም።

የቤቱ ልጅ ፈይሰል ነው በታብሌቱ የለካልኝ፦
"መቶ አርባ ስምንት ኪሎ ሜትር!" ብሎ ያነበበልኝ።
መቶ አርባ ስምንት! ከደሴ ወልድያ አለፍ ያለ በሉት፣
ውርጌሳ ሻይ ጠጥታችሁ ለምሳ የምትደርሱበት።

ሰባት ዓመት ሆነን ሳንተያይ።
አንድ ሰሞንማ ሰማዩም ተኳርፎ ነበር፣
በማስቀጥ ዞሮ ነበር መንገደኛው የሚሻገር።
ኩርፊያው ከበረደ ወዲህ ነው የእኛ ቆጠራ።
ፓስፖርቴ? መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ከእመቤት ወርቅ ስር።

ዘንድሮ በሻዕባን ዶሃ ላይ ሠርግ ተጠራ፤
"ልጁን ትይዣለሽ" ተባልኩ፤ ተቆጠርኩ ከሻንጣው ጋራ።
መሳቢያው ተከፈተ።
"ሉባባ፣ ነገ ማታ ሆዱ ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ" አልኳት።
ሳቅ ይሁን ለቅሶ፣ ስልኩ አልለይ አለኝ።
በማግስቱ ጭማቂዬን ሳልጨርስ ወረድን።

ካረፍንበት ቤት እስከ ሉባባ በር
ፈይሰል እንደገና ለካልኝ፦
ሃያ ሁለት ደቂቃ፣ በመኪና፣ ቀጥ ያለ መንገድ።
ሦስት ጀለቢያ እንኳ አይሞላም።
መጀመሪያው ቀን ሂና ነበር።
በሁለተኛው ልጁን ትኩሳት ያዘው።
በሦስተኛው እመቤት "ኢንሻአላህ" አለችኝ፣ ስልኳን እያየች።
እዚያም አሮጊቷ ብቻዋን አትተውም፤
አንዷ ስትፈቀድ አንዷ አይሆንላትም።
ማታ ማታ የሉባባን ሰፈር መብራት
ከኩሽናው መስኮት ፈለግሁት፤
መብራት ሁሉ አንድ ነው፣ አንዱን መርጬ
የሷ ነው አልኩና እሱን ሳይ አመሸሁ።

ስንመለስ ፈይሰል ትከሻዬ ላይ ተኛ።
እጄ ባዶ ነው። ካውያ የለ፣ እንፋሎት የለ፣
ስንቱን እንደሄድን በምን ልወቀው?
ከታች ባሕሩ ጨለማ ነው፤ አልፎ አልፎ የጀልባ መብራት።
ቀሚሴን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁና በመዳፌ
አንገት አልኩ፣ እጅጌ አልኩ፣ ጀርባ አልኩ፣
እስከ ጫፉ ወስጄ መለስኩት።
አጠገቤ ያለችው ሴት ቀሚሴ የተጨማደደ መስሏት
ከንፈሯን መጠጠችልኝ።
ስድስተኛው ላይ ጎማው መሬት ነካ።

ሙሐረቅ ስልኬን ስከፍት ድምጿ ቀድሞኝ ገብቷል፦
"ተነሳ! አየሁት፣ ሆዱን አየሁት!
አሁን የመጀመሪያው አንገት ላይ ነሽ፤
ቀስ በይ፣ አታሳርሪው።"

ሻንጣው እየዞረ ይመጣል።
ልጁን በአንድ ክንዴ አቅፌ፣ በሌላው ጣቴ
"ደረስ" ብዬ ጻፍኩ፤
"ኩ" ላይ ጣቴ ቆመ፣ ትንሽ አሰበና
ሌላ ፊደል መታ።
"ደረሰ" አልኳት።